አብራት የመጣችው

እልፍነሽ ማክሰኞ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ የደሴ ጭጋግ ገና አልተነሣም፤ ፊቷ ላይ እንደ እርጥብ ነጠላ ተለጥፎባት ነበር። በሯን ቆልፋ፣ በነጭ ዘንጓ የቦዩን ጠርዝ እየነካች፣ እንደ ወትሮዋ ሳትቸኩል ቁልቁለቱን ወረደች። ጎረቤቷ እትዬ አየለች «አብሬሽ ልሂድ» ብላ ደጃፍ ድረስ ተከትላ ለምናት ነበር፣ እምቢ አለቻት እንጂ። የሰው እጅ ይዛ ቢሮ ከገባች የሚያናግሩት እሷን ሳይሆን እጇን የያዘውን ሰው እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሐኪሙም፣ ቀበሌውም፣ ሱቅ ያለውም «ምን ትፈልጋለች?» ብሎ የሚጠይቀው አጠገቧ የቆመውን ነው፤ ዓይን የሌለው ሰው አፍም የሌለው ይመስል። አይ የሰው ነገር።

የዛሬው ጉዳይ ደግሞ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ብቻዋን የምትኖርበትን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ሊወስዱባት ነው። ማየት የተሳነው ሰው ያለ ጠባቂ ቤት ይዞ መኖር አይችልም፣ ወደ እንክብካቤ ማዕከል ይግባ የሚል መመሪያ መጥቷል ተባለች። ራሷን ችላ መኖሯን የአካል ጉዳተኞች ቢሮ በአካል ቀርባ ካስረዳች ግን ቤቱ ይጸናላታል። እንግዲህ ይህን ለማስረዳት የሰው ክንድ ተደግፋ ብትሄድ ማን ያምናታል? ለዚህ ነው ብቻዋን የሄደችው።

የቢሮው በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዋን ዳበስ ዳበስ አድርጎ መለሰላትና «ሁለታችሁም ግቡ፣ በስተግራ ነው» አለ። ከኋላዋ ሌላ ባለጉዳይ ቆሟል ማለት ነው ብላ አለፈች።

መሥሪያ ቤቱ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ደረጃው መሐል መሐሉን ተበልቶ እግር ያዳልጣል፣ የሚይዙት ብረትም የለውም፤ ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ የተከፈተ ቢሮ እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ መቀመጡን ማን እንዳሰበው እግዜር ይወቀው። ከውስጥ ያለው ኮሪደር ረጅም ነበር፤ ያረጀ ወረቀት፣ የረጠበ ካፖርትና ወለሉ የተወለወለበት ጋዝ ይሸታል፣ በግራና በቀኝ የተዘጉ በሮች እንዳሉ የዘንጓ ድምፅ ከግድግዳው ተመልሶ ይነግራታል፣ ከበሮቹ ጀርባ ግን የወንበር መጎተትም ሆነ የስልክ ጥሪ አይሰማም። ከጋዙ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበረ፣ ብዙ ክረምት ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት የሚሸተው ዓይነት። ያ ሽታ እሷ ስትቆም ይቆማል፣ ስትራመድ ይከተላታል።

«እዚህ ቁጭ በይ ልጄ፣ ቦታ አለ» አላት አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

ጋሽ ደምሰው ይባላሉ፣ የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ አንድ እግራቸው የለም። አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ክራንቻቸውን አነሡላት። ድጎማቸው ተቋርጦባቸው ሲመላለሱ እንደከረሙ አጫወቷት።

«በመጣሁ ቁጥር ‹ማን አለህ?› ይሉኛል። ማንም የለኝም፣ ክራንቼ አለ አልኳቸው።» ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ጠዋት ከወጣች ወዲህ ልቧ ቀለል ያለው ያን ጊዜ ነበር።

ከዚያ ተጠሩ። ክራንቻቸው ቋ፣ ቋ እያለ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ፣ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። እልፍነሽ የምትናገረውን በልቧ እያሰናዳች ጠበቀች፤ እንዴት እንደምታበስል፣ እንዴት ውኃ እንደምትቀዳ፣ ወንፊት ሠርታ በምታገኘው ገንዘብ እንዴት እንደምትኖር። በሩ እንደገና ሲከፈት ክራንቹ ዘገምተኛ ሆኖ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ቀናዎት?» አለቻቸው።

ክራንቹ ባለበት በኩል ከባድ ትንፋሽ ብቻ ሰማች። መልሱ የመጣው ከዚያ አንድ ክንድ ፈንጠር ብሎ ነበር፣ በራሳቸው በጋሽ ደምሰው ድምፅ። «ደክሞታል። ጉዳዩ አልቋል፣ ወደ ቤት እየሄድን ነው።»

ወንድማቸው ይሆናል፣ የወንድማማች ድምፅ ይመሳሰላል ብላ ራሷን አጽናናች። ማንም የለኝም ማለታቸውን ግን አልረሳችም። ክራንቹ እግሯ ሥር ወለሉን ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ የተዘጋበት ሰው በር እንደሚያንኳኳ፣ ከዚያም እየተጎተተ ራቀ። ተነሥታ ልትሄድ ቃጣት። ብትሄድ ግን ቤቷ ይሄዳል። ስሟ ሲጠራ ዘንጓን ይዛ ገባች።

«ይቀመጡ» አለ ትሁት የሆነ የወንድ ድምፅ። ተቀመጠች። ከጎኗ ሌላ ወንበር ተሳበ።

«ስሟ ማነው?»

«እልፍነሽ ታደገ እባላለሁ። እኔኑ ያናግሩኝ፣ ጌታዬ፣ የምሰማም የምናገርም ሰው ነኝ።»

«እሺ» አለ ሠራተኛው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?»

በልጅነቷ ኩፍኝ ወጥቶባት እንደሆነ ነገረችው። ብቻዋን እንደምትኖር፣ ማንንም እንደማታስቸግር ነገረችው። ሰውየው «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ቀስ በቀስ ግን «እሺ» የሚለው እሷ ስትናገር ሳይሆን ዝም ስትል መሆኑን ልብ አለች። እሷ ትንፋሿን ስትሰበስብ እሱ ያዳምጣል፣ ጽፎ ይጨርሳል፣ አንዳንዴም ፈገግ ያለ ሰው ድምፅ አውጥቶ «ልክ ነዎት» ይላል።

«ማንን ነው የሚያናግሩት?» አለችው።

«እህቷ መሆንዎ ይበቃል» አለ ሰውየው። «ሌላ ማስረጃ አንጠይቅም።»

«እህት የለኝም። ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

እጇን ወደ ጎን ሰደደች። የረጠበ የሱፍ እጅጌ ነካች፣ ከእጅጌው ውስጥ እንደ ጉድጓድ ድንጋይ የቀዘቀዘ ክንድ፣ ክንዱም አልሸሸም። ጆሮዋን አቅንታ ትንፋሽ ፈለገች፤ አጥብቃ ፈለገች፣ አጣች። እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጭር ግን እዚያው አጠገቧ ይሰማ ነበር።

«ፊርማ አለኝ፣ መፈረም እችላለሁ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

የቀዘቀዙ ጣቶች አውራ ጣቷን ያዙ። አላስጨነቋትም። እናት የሕፃን ልጇን እጅ እንደምትይዝ ይዘው ቀለሙ ውስጥ ነከሩት፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። ማህተሙ ጠረጴዛውን ደቃው።

«በቃ፣ አልቋል» አለ ሠራተኛው፣ ከልቡ ደስ ያለው ይመስል ነበር። «ቤቱ አይነካም። በእርስዎ ስም ሆኗል፣ ከእንግዲህ አብራችሁ ትኖራላችሁ። ጉዳይ ሲኖራት እርስዎ ብቻ ይምጡ፣ እሷ አትንገላታ።»

እልፍነሽ ከወንበሯ ተነሥታ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች፤ ከአፏ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ምን ሆነች?» አለ ሰውየው በአዘኔታ።

ያ የቀዘቀዘ ክንድ ክንዷ ሥር ገባ፤ ከጎኗም የእልፍነሽ የራሷ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «ደስ ብሏት ነው» አለው።