ነጩን ጨርቅ ማን ሰቀለው?

ሟቹን ከሐይቁ አውጥተው ሣሩ ላይ ሲያስተኙት ጺሙ ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ነበር። መርማሪዋ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ቀጥላ መዳፎቹን ገልጣ አየች። ቆዳቸው ተልጧል፤ ጥፍሮቹ ተሰባብረው ሥራቸው የጀልባው ሰማያዊ ቀለም ገብቷል።

«ወዲያው አልሞተም» አለች። «ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ የሙጥኝ ብሎት ቆይቷል።»

«ቆየም አልቆየም ያው ሞቷል» አለ የጣቢያው አዛዥ። «ለሞት የዳረገውንም ሰው አስሬዋለሁ። ያንቺ ሥራ ፈርሞ መሄድ ነው።»

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው ይላሉ፤ የተወጉት ግን ምክንያቱ ሌላ እንደሆነ ያውቃሉ። አልፈረመችም።

ሐይቁ ተንኮለኛ ነው። ጎህ ሲቀድ በሳፋ የተቀመጠ ውሃ ይመስላል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል አንዳንድ ቀን ድንገት ነፋስ ይነሣና ትንንሾቹን ጀልባዎች ይገለብጣል። የትኛው ጠዋት እንደሚያብድ አስቀድመው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ የጀልባ ማሰሪያው ጠባቂ። ሽማግሌው አመሻሹ ላይ ደመናውን ያዩና ኮረብታው ላይ ካለው ምሰሶ ጨርቅ ይሰቅላሉ። ቀይ ከሆነ ቅሩ፣ ነጭ ከሆነ ሂዱ ማለት ነው። ጠዋት ደግሞ ማሰሪያው ዘንድ ቆመው፣ በቀይ የመጣውን ደፋር ሰድበው ይመልሳሉ።

ሟቹ የዱቄት ፋብሪካ የማሽን ሠራተኛ ነበር። ዓሣ ማጥመድ ነፍሱ ነው፤ ግን እንደ እሱ ሳያጠምድ የኖረ አጥማጅ አልነበረም። እረፍቱ ሲመጣ ቀይ ይሰቀላል፤ ነጭ ሲሰቀል እሱ ፈረቃ ላይ ነው። እረፍቱና ሐይቁ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። «በሚመጣው ሳምንት» ማለት ስለሚያበዛ ከተማው «ቀጠሮ» የሚል ስም አወጣለት። ቢስቁበትም ቀይ እያየ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።

በዚያ ጠዋት ግን ቀጠሮ እረፍት ነበረው፤ ምሰሶው ላይም ነጭ ተሰቅሎ ነበር። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ተነሣ።

ሽማግሌው እስር ቤት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የያዛቸው ትኩሳት ገና አልለቀቃቸውም።

«አባባ፣ ማታ የሰቀሉት የትኛውን ነበር?»

«ቀዩን። ቀዩን ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

«ልጄ፣ ያን ቀን ከማታ ጀምሮ ብርድ ብርድ እያለኝ ነበር። ጠዋትም መነሣት አቅቶኝ ተኝቼ ዋልኩ። ቀዩ ከምሰሶው ሥር ተገኘ አሉኝ፤ ነጩን ደግሞ ሰው ሁሉ አየው። ታዲያ ከእኔ ሌላ ማን ይሰቅላል? እኔ ሰቅዬው ይሆናል።» እጃቸውን ዘርግተው አዩት። «በዚህ እጄ ያንን ልጅ ገድዬው ይሆናል። ትዝ አለማለቱ ነው የሚያሳብደኝ።»

አንድ ሰው ራሱን ካልካደ ጠበቃ ይቆምለታል፤ ራሱን ለተጠራጠረ ሰው ግን ማን ይቆምለታል? መርፌ ጨርቆቻቸውን የሚያስቀምጡበትን ሳጥን ቁልፍ ተቀብላ ወጣች።

የጠባቂው ጎጆ አንድ አልጋና አንድ የተቆለፈ ሳጥን አለው። ከፈተችው። ውስጡ የሽማግሌው ነጭ ጨርቅ፣ ጫፎቹ ላይ ማሰሪያ ገመዱ እንደተሰፋበት፣ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ስንት ነጭ ነው ያላቸው?» ስትል ተከትሏት የመጣውን አዛዥ ጠየቀችው።

«አንድ። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ነው የሰጣቸው።»

«እንግዲያው ከምሰሶው ያወረድከው የማን ነው?»

ነጭ ጨርቅ ሲያዩ የሽማግሌው ነው ብለው ሳጥኑን ማንም አልከፈተውም ነበር። መርፌ ከምሰሶው የወረደውን ጨርቅ ከአዛዡ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። አንዱ ወገኑ ተቀድዷል፤ ማሰሪያ የለውም፤ ጥጉ ላይ እንዲሁ ተቋጥሮ ነው የተሰቀለው። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ወደ ሟቹ ቤት ወረደች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ላይ ነጭ ጨርቅ ተከምሯል።

«ነጭ ጨርቅ አይጠፋም እዚህ ቤት» አለች መርፌ።

«እህቴ፣ ባሌን እኔ ገደልኩት ልትዪ ነው?» የሴትዮዋ ድምፅ አልተነሣም፤ ለመነሣት አቅም አጥቶ ነበር። «እስር ቤት ያሉት ሽማግሌ ናቸው የገደሉት። ባላያቸው እመርጣለሁ።»

«እረፍት መውጣቱን መቼ አወቅሽ?»

«ማታ አምሽቶ ሲገባ። የማሽኑ ቺንጋ ተበጥሶ ነገ አትምጣ እንዳሉት ነገረኝ። ሳይነግረኝም አውቄ ነበር፤ ተላጭቶ ነው የገባው።»

«መላጨቱ ምን ይነግርሻል?»

«ለሥራ ቀን አይላጭማ! የዱቄት ፋብሪካ ሰዎች ናቸው እኮ፤ ዱቄቱ የተላጨ ፊት ላይ ሲያርፍ እንደ በርበሬ ይፈጃል። አንዳቸውም ለሥራ ቀን አይላጩም። ባሌ ጺሙ ከተነሣ ነገ እረፍት ነው።» አንገቷን ደፋች። «ደስ ብሎት ነበር። ጨለማ ስለነበር ጨርቁን ማየት አልቻልንም። ጠዋት መስኮቱን ከፈተና ነጭ ነው ብሎ እንደ ልጅ ጮኸ።»

በዚህ መሐል ወንድሟ ገባ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጀልባው የእሱና የሟቹ የጋራ ስለነበረ በወረፋ ሲነታረኩ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ጉንጩ ላይ ያልጠገገ የምላጭ ቁስል አለ።

«መቼ ገባህ ከመንገድ?»

«የዚያኑ ቀን ጠዋት። ሌሊቱን ስነዳ ነው ያደርኩት፤ ረዳቴም ይመሰክራል። አቧራዬን ላራግፍ ብዬ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገብቼ ተላጨሁ። ከዚያ ወጥቼ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

«እሱ ነው የቆረጠህ?»

«ስንት ዓመት ሲላጨኝ ነክቶኝ አያውቅም። ያን ቀን እጁን ምን እንደያዘው እንጃ።»

መርፌ አንገቷን አከከች። ከጎጆው ከወጣች ጀምሮ አንገቷ እያሳከካት ነበር።

የፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ ነገሩን አላራዘመም። ቺንጋው የተበጠሰው ሊወጡ ሲሉ ነው፤ እረፍቱንም የነገረው ለሟቹ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ማሽኑ ሥር ተኝቶ ሲጠግን እንዳነጋ ጥበቃዎቹ ሁሉ መሰከሩለት።

ፀጉር አስተካካዩ የሟቹ የልብ ወዳጅ ነበር። በቀልዱ ከተማውን ሁሉ ያስቃል፤ «ቀጠሮ» የሚለውንም ስም ያወጣው እሱ ነው። ሱቁ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይመለከታል። መርፌን ሲያይ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«እኚያን ሽማግሌ ምን ልታደርጓቸው ነው? ዓይናቸው ፈዟል፣ ጡረታ ይውጡ ስንል ኖረናል!»

«እረፍት እንደነበረው ታውቅ ነበር?»

«ከየት አውቄ? ባውቅ ኖሮ አብሬው አልሄድም ነበር?»

መርፌ ደጋግማ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም ነገ ጠዋት ሁሉንም እዚሁ ሱቅ መሰብሰብ እንደምትፈልግ ነገረችው።

«ለምን እዚህ?»

«ጣቢያው ወንበር የለውም» አለች።

ጠዋት ሁሉም መጡ። ሚስትየዋና ወንድሟ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ የፈረቃ ኃላፊው በሩ ጋ ቆመ። አዛዡ ሽማግሌውን ደግፎ አስገባቸው። ሚስትየዋ ፊቷን አዞረችባቸው፤ ሽማግሌውም መሬት መሬቱን አዩ።

መርፌ የመላጫው ወንበር አጠገብ ቆማ ጀመረች።

«የአባባ ነጭ ጨርቅ ሳጥናቸው ውስጥ ተቆልፎበት ነው ያገኘሁት። እሳቸው ሰቅለው ቢሆን የራሳቸውን ይሰቅሉ ነበር። ስለዚህ ቀዩን ያወረደውና ሌላ ነጭ የሰቀለው ሌላ ሰው ነው።»

ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ያ ሰው ቀጠሮ እረፍት እንደወጣ ማወቅ ነበረበት፤ አለዚያ ማንን ሊያታልል ይሰቅላል? የፈረቃ ኃላፊው ያውቃል፤ ሌሊቱን ግን ማሽን ሥር ነበር። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነበር። ሚስቱ ታውቃለች፤ እሷ ግን ያወቀችው ባሏ ተላጭቶ ሲገባ ነው። የዱቄት ፋብሪካ ሰው የሚላጨው ለእረፍቱ ነው። ይህንን ከሚስቱ ሌላ ማን ያውቃል? የሚላጨው ሰው።» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «ያን ማታ አንተ ላጭተኸዋል። እረፍቱን አላወቅሁም ያልከኝ ግን ውሸት ነው።»

«ብላጨውስ? መላጨት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ይሄ ጨርቅ ግን ትከሻዬ ላይ ከዋለ ጀምሮ አንገቴን ሲበላኝ ሰነበተ። ቅምቅማቱን ፈታሁት።» ጨርቁን ገለጠችው። ስፌቱ ውስጥ የተቆራረጠ ፀጉር ሞልቷል። «የደንበኛ አንገት ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነው። ማሰሪያው ያለበትን ወገን ቀደህ ጣልከው፤ ፀጉሩን ግን አላራገፍክም።»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን ከጨርቁ አነሣ።

«ቀልድ ነበር» አለ። «እመቤቴን፣ ቀልድ ነበር። እቃውን ሁሉ ተሸክሞ ሲወርድ አባባ ሰድበው ይመልሱታል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እስቅበታለሁ ብዬ ነው። አባባ መታመማቸውን በምን አውቃለሁ? ሁልጊዜ እዚያ ናቸው! ቀዝፎ ሲወጣ ሳይ ደነገጥኩ። ነፋሱ ላይነሣ ይችላል አልኩ። ጨርቁን ላወርድ ስል ሰው መንገዱ ላይ ነበር።»

«በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአንተ ጋር አለቅስ ነበር» አለች መርፌ። «መዳፉን ግን አይቻለሁ። ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ ብዙ ታግሏል። ታች ሞተር ያላት ጀልባ ታስራ ነበር፤ የሚናገር ሰው ነበር የጠፋው። እዚህ ወንበር ጀርባ ስቆም መስተዋቱ ውስጥ ሐይቁ እስከ ወዲያኛው ዳር ይታየኛል። ያን ጠዋት እዚህ ቆመህ ማንን ስትላጭ ነበር?»

ሹፌሩ ከአግዳሚው ተነሣ።

«እኔን» አለ። «እኔን ነበር የሚላጨው። አንገቴን አጋድሜ ጣራውን እያየሁ።» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ተጠጋ። «ታየው ነበር?»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ መስተዋቱ ዞረ።

«ታየው ነበር ወይ? እኔ ዋና እችላለሁ! ሞተሩንም መንዳት እችላለሁ! አንድ ቃል ነበር እኮ!»

«አሁን እነግረዋለሁ፣ አሁን እነግረዋለሁ እያልኩ ላጨሁህ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አፌ እምቢ አለኝ። ከነገርኩህ ጨርቁን ማን ሰቀለው ትሉኛላችሁ። ጀልባውን ይዞታል፣ አልለቀቀም፣ አንድ ሰው ያየዋል አልኩ። ጉንጭህን ጨርሼ ቀና ስል ጀልባው ብቻ ነበር።»

ሹፌሩ እጁን አነሣ፤ ግን አልመታውም። እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ሰው ሆኖ ቆመ። አዛዡ ፀጉር አስተካካዩን ይዞት ወጣ፤ ከሳሽ ሆኖ ሲጮህ የነበረው ሰው ለመራመድ እንኳ ደጋፊ አስፈለገው። መርፌ ነገሩን ፈታችው፤ ከፈታችው በኋላ ግን የምትሰጣቸው ሌላ ነገር አልነበራትም።

ሽማግሌው ገና እንደ ቆሙ ነበሩ።

«ልጄ» አሏት መርፌን፤ «እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አይደሉም አባባ። እርስዎ ቀዩን ነው የሰቀሉት።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ሚስትየዋን አዩና ሊሸሽጉት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። እያለቀሱ ወደ እሷ ተጠጉ።

«ደስ አለኝ» አሏት። «ባልሽ ሞቶ እኔ ደስ አለኝ። ይቅር በይኝ።»

ሴትዮዋ ይቅር ልትላቸው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣላትም። እጃቸውን ያዘቻቸውና ሁለቱም እዚያው ቆሙ።