ሦስተኛው ሳህን

ሌያንድሮ ሁለት ባልዲ ወይራ አንጠልጥሎ ገባ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። መጠጥ ቤቱ ጢም ብሏል። ወለሉ በተጣለ ሶፍት ነጭ ለብሷል።

ኤቫሪስቶ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆሟል። ብቻውን።

«ወይራው የሃኤን ነው?» አለ ዞር ሳይል።

«የሃኤን ሰው ዘይት እንጂ ቀልድ አያውቅም።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ቃሉን የመረጠው የስለላ መሥሪያ ቤቱ ነው። ቀልድ የማያውቀውም እሱው ነው።

ግራናዳ ሌያንድሮን በወይራ ሻጭነቱ ካወቀችው አራት ዓመት ሆኗታል። መሥሪያ ቤቱ ድርጭት ይለዋል። ባንኮኒው ጋ የቆመው ኤቫሪስቶ ደግሞ የሥራ ስሙ መምህሩ ነው፤ ስለላን ለሌያንድሮ ያስተማረው እሱ ነውና።

የዛሬው ሥራ አጭር ነው። ካሲልዳ የምትባል የወደብ ተቆጣጣሪ በሽንኩርት ጆንያ ሥር ጦር መሣሪያ ሲያልፍ አይታ ለዳኛ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያው አሻጋሪዎች ይፈልጓታል፤ ሊያመሰግኗት አይደለም። የተደበቀችበትን ቤት ከሌያንድሮ ሌላ የሚያውቅ የለም። ወረቀት ላይም አልሰፈረም። አድራሻውን ለኤቫሪስቶ በጆሮው ይነግረዋል፤ ኤቫሪስቶ ከአገር ያወጣታል። በቃ።

«ጉዞ እንዴት ነበር፣ መምህር?»

«ባቡሩ ዘገየ። አሁን መግባቴ ነው፤ ጉሮሮዬን እንኳ አላራስኩም።» ለቢራ ጣቱን አነሳ። «ለሠላሳ ዓመት አገልግሎት ምን እንደሸለሙኝ ታውቃለህ? የግድግዳ ሰዓት። እሱም ወደ ኋላ ይቀራል።»

«መሥሪያ ቤቱን መስሎ ነዋ።»

«ሳቅ፣ ሳቅ። ለአንተም አንድ አስቀምጠውልሃል።»

ኩሮ መጣ። አስተናጋጁ ኩሮ ለደንበኛ ፈገግ ብሎ አያውቅም፤ የግራናዳ አስተናጋጅ ፈገግ ካለልህ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሁለት ቢራ ዷ አድርጎ አስቀመጠ። ሁለት ሳህን አስከተለ።

የሌያንድሮ ሳህን ላይ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ አለ።

የኤቫሪስቶ ሳህን ላይ ቀንድ አውጣ።

የሌያንድሮ ዓይን ቀንድ አውጣው ላይ ቀረ።

በዚህ ከተማ የሚታዘዘው መጠጥ ነው። ምግቡ ከመጠጡ ጋር በነጻ ይመጣል፤ በዙር። እዚህ ቤት አንደኛው ዙር ዓሣ ነው። ሁለተኛው ሩዝ። ሦስተኛው ቀንድ አውጣ። ኩሮ የሚስቱን ልደት ይረሳል፣ የደንበኛን ዙር ግን አይረሳም፤ ያንኑ ሳህን ለአንድ ሰው ሁለቴ ማቅረብ እሱ ዘንድ ነውር ነው። ኤቫሪስቶ ግን የቡርጎስ ሰው ነው። በአገሩ ሰው የሚበላውን ራሱ መርጦ ያዛል። ሳህኑን አየ፤ ምንም አልመሰለው።

አሁን ገባሁ ያለው ሰው ሦስተኛው ቢራው ላይ ነው።

ሌያንድሮ ዓሣውን እያኘከ ዓይኑን በዝግታ አዞረ። ጥግ ላይ ግራጫ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ተቀምጧል። እሱም ቀንድ አውጣ ይበላል። ጠረጴዛው ላይ የተበላባቸው ሁለት የሩዝ ሳህኖች አሉ። ሰው ግን አንድ ብቻ፤ ሁለተኛው በላተኛ ወደ ባንኮኒው ተዛውሯል።

ፊቱን በፎቶግራፍ ያውቀዋል። ከአሻጋሪዎቹ አንዱ ነው።

መምህሩ ካሲልዳን ሸጧታል።

«አድራሻውን» አለ ኤቫሪስቶ።

ሌያንድሮ ቢራውን ተጎነጨ። «በኩሽናው በኩል የጓሮ በር አለ። መኪናዬ እዚያ ናት። ሁለታችንም እንውጣ። አሁኑኑ። ምንም አልጠይቅህም፣ መምህር።»

የኤቫሪስቶ ጣቶች ስቴኪኒውን እንደያዙ ቆሙ። ለአፍታ ያረጀ መሰለ። ከዚያ ወደ ባለግራጫ ሸሚዙ ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ምን አጣደፈህ፣ ልጄ? ንገረኝ ብቻ።»

ልጄ ብሎት አያውቅም።

«አልባይሲን ሰፈር» አለ ሌያንድሮ። «ከውሃ ማጠራቀሚያው በላይ፣ ሰማያዊ በር። ሁለተኛ ፎቅ።»

ቤቱ ከገና ጀምሮ ባዶ ነው።

«አንተው አድርሰኝ።»

«ሁለት ሰው ካየች አትከፍትም። ሦስቴ አንኳኳ።»

ኤቫሪስቶ ስቴኪኒውን ሳህኑ ላይ አኖረ።

ባለግራጫ ሸሚዙ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ተነሳ።

«አንተ የወይራ ሰውዬ» ሲል ኩሮ አንቧረቀ። «ባልዲህን እግሬ ሥር ጎልተህ ልትሰብረኝ ነው? ወይ ወደ ኩሽና አስገባው፣ ወይ እኔንም እዚሁ ትከለኝና ወይራ ላፍራልህ።»

«መጣሁ፣ አንተ ክፉ።»

ባልዲዎቹን አነሳ። ኤቫሪስቶን ዞር ብሎ አላየውም። አሻጋሪዎቹ ወደ ባዶ ቤት የመራቸውን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ጠንቅቆ ያውቃል። ያስተማረው ኤቫሪስቶ ነው።

በኩሽናው አልፎ በጓሮ ወጣ።

ወደ መኪናው ሮጠ።

ካሲልዳ ሳይዲን ሰፈር ከአንድ ጎሚስታ በላይ ፎቅ ላይ ነበረች። ምግቧን ደጃፏ ላይ አኑሮላት ይሄድ ነበር እንጂ አንድም ቀን ፊቱን አይታው አታውቅም። አንኳኳ።

«ማነው?»

«ወዳጅ። ጊዜ የለንም፣ ክፈቺ።»

«ኤቫሪስቶ ከሚባል ሰው በቀር ለማንም እንዳልከፍት ከማድሪድ መሥሪያ ቤቱ በስልክ ነግሮኛል።»

ሌያንድሮ ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ።

«ኤቫሪስቶ ነኝ።»

ቁልፉ ዞረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስፔንን ከፖርቱጋል ከሚለየው ወንዝ ዳር ደረሱ። መንገድ ላይ ስልኩ አንዴ ነዝሮ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ መልእክት ነው። «መምህሩ አልባይሲን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በግዳጅ ላይ እንደተሰዋ ይመዘገባል። አንተ ግራናዳ ውስጥ ኖረህ አታውቅም።» ስልኩን ወንዙ ውስጥ ጣለው።

«ባለቤት አለችዎት?» አለችው ካሲልዳ ጀልባው እስኪጠጋ።

«አለችኝ። ሆሴፋ ትባላለች።»

«እጽፍላታለሁ። ባለቤትሽ ሕይወቴን አተረፈ ብዬ። ይህን ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የት ነው ቤታችሁ?»

የመምህሩን ሚስት የሆሴፋን የነጭ ሽንኩርት ሾርባ በእንግድነት ስንት ክረምት ጠጥቷል። ደረጃው ላይ የተሰበረውን ሸክላ እንኳ ያውቀዋል።

«ቡርጎስ» አለ። «ከድሮው ዳቦ ጋጋሪ ፊት ለፊት፣ ቁጥር አሥራ አራት። አንደኛ ፎቅ።»

በእርሳስ ጻፈች። ተሳፈረች። ጀልባው መሃል ወንዝ ሲደርስ እጇን አውለበለበች።

«ኤቫሪስቶ» ስትል ጮክ ብላ ጠራችው።

ዳር የቆሙት ሁሉ ዞረው አዩት።

«አቤት» አለ።

ከዚያም መኪናውን እዚያው ትቶ ሞተሩ ወደተነሳ አንድ አውቶቡስ አመራ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም። ከሹፌሩ ጀርባ ወንበር አገኘና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።