ምሰሶው ላይ ያለው ልጅ

«ዘጠና አንድ በመቶ፣ ወንድምና እህት» አለ አሴን ስልኩን እያየ። «አንቺ ጉድ ነሽ፣ ከሞተ ሰው ጋር ተዛመድሽ!»

ኔቬና ወደ ፎቶው ተጠጋች።

ለትምህርት ቤት ውድድር ሁለቱ የሠሩት ፕሮግራም ሁለት ፊቶችን አስተያይቶ ዝምድናቸውን ይናገራል። አሴንን ከእህቱ፣ የሒሳብ መምህራቸውን ከልጃቸው ጋር አንዴም ሳይስት አዛምዷል። የቀረው በማይዛመዱ ሰዎች መሞከር ነበር። በቡልጋሪያዋ ቪዲን ከተማ ደግሞ የባዕድ ፊት ሞልቷል፤ በየበሩና በየምሰሶው የሟች ፎቶ ያለበት የሙት ዓመት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሐሳቡ የአሴን ነው። ሙታን ፎቶ አንሡንም አታንሡንም አይሉም ብሎ ቀለደ። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ሰባት ፊት ከኔቬና ጋር አስተያዩ፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም «አይዛመዱም» አለ።

አሥራ ስምንተኛው አሮጌው አውቶቡስ ተራ ምሰሶ ላይ ነበር። ካሎያን ይባላል፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። «ከተለየኸኝ ሃያ ዓመት ሆነ» ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ «እናትህ» የሚል አለ፤ የእናቲቱ ስም ግን አልተጻፈም። የልጁ ግራ ቅንድብ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሏል። ኔቬና ያንን ቅንድብ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ ታየዋለች። ፈራች። እሷ ለእናቷ አንድ ልጅ ናት፤ ሲነገራት ያደገችው እንደዚያ ነው።

አሴን ደግሞ ሞከረው፤ ያው ዘጠና አንድ።

ንፋስ ያነሣውን የወረቀቱን የታች ጥግ በጣቷ ነካችው። ማጣበቂያው ገና በደንብ አልደረቀም፤ የዱቄት ሙጫ ነው። ጠዋት እናቷ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሊጥ ስትፈገፍግ አይታት ነበር። ምንድነው ብላ ስትጠይቃት ለምሳ የባኒፃ ቂጣ እየጋገርኩ ነው አለቻት። ምሳ ላይ ግን የቀረበው ሾርባ ብቻ ነበር።

«ማሽን ነው፣ ይሳሳታል» አለ አሴን፤ አሁን እሱም አይቀልድም። «ስህተት ብዬ ልመዝግበው?»

«ስህተት አትበለው» አለች። «ተወው፤ ሌላ ፊት እንፈልጋለን።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ድንች እየላጠች ነበር። ኔቬና እጅጌዋን ሰበሰበች። ድስት አወጣች፣ ውኃ ጨመረች፣ ዱቄት በጥብጣ እሳት ላይ ጣደችው። የእናቷ ቢላዋ ቆመ።

«እማ» አለች ኔቬና እያማሰለች። «ምሰሶው ላይ የወረቀቱን የታች ጥግ ንፋስ አንሥቶታል። ኮትሽን ልበሺ፤ ስትለጥፊው እኔ እይዝልሻለሁ።»