የእርሾው ጩኸት

ቀለበቱ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ዮሩን መጀመሪያ ደስ አላት። ከጠዋት ጀምራ፣ ጆሮዋ ውስጥ ሙዚቃ ሰክታ የጠመቃ ቤቱን ስትፈትግ ውላለች፤ እንደዚህ ቀለበት የጠራላት ነገር ግን አልነበረም። ከትናንሽ እንጨቶች ተሰካክቶ የተሠራ፣ አንገት ላይ ሊጠለቅ የሚችል ቀለበት ነው። ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረው ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ነበር። እሷ በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ በሳሙና ፈተገችው፣ ከዚያም ለጥንቃቄ ሌላ የፈላ ውሃ ደገመችው። ወደ ምስማሩ ልትመልሰው እጇን ስትዘረጋ ነው ያ ቅርፊት ምን እንደነበር ትዝ ያላት።

እርሾው ነበር።

ሙዚቃውን ከጆሮዋ ነቀለች። ወንድ አያቷ በሕይወት ሳሉ ስንት ጊዜ አይታለች! ቢራው ተብላልቶ አረፋ ሲያወጣ ቀለበቱን አረፋው ውስጥ ይነክሩታል፣ ያደርቁታል፣ የሚቀጥለውን ጠመቃ ከዚያው ላይ ያስነሱታል። ከአያቷ አባት ጀምሮ ሳይሞት የመጣ እርሾ ነው። በጦርነት ዘመን እንኳ ያልሞተውን እሷ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ገደለችው።

ከኋላዋ፣ ትልቁ የእንጨት በርሜል ውስጥ የብቅሉ ውሃ እየበረደ ነው። አባቷ ኦድቫር በማለዳ ተነስቶ ከጥድ ቅርንጫፍ ጋር ያፈላው ነው። ከዚያ ስልክ ተደወለለት፤ የሸለቆውን መንገድ በረዶ የሚጠርገው እሱ ስለሆነ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። ሲወጣ «ቤቱን አጽጂልኝ። በየመሃሉ በማንኪያ እያወጣሽ በእጅሽ ጀርባ ሞክሪው። ለብ ሲል መጥቼ እርሾውን እጨምራለሁ» ብሏት ነበር። ለብ ብሎ እርሾ ያላገኘ የብቅል ውሃ እየቆየ ይበላሻል።

ዮሩን ጠብታ አውጥታ እጇ ጀርባ ላይ አደረገች። ያቃጥላል፤ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ተመለሰች። ቀለበቱን አሸተተችው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። መልሳ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጥፍሯን ስትበላ ጣቷ ላይ ደረሰች።

ለቲራ ደወለች። ቲራ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ለማንኛውም ችግር መፍትሄ አታጣም፤ መፍትሄው ደግ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

«አታካብጂ» አለች ቲራ፣ ሁሉንም ከሰማች በኋላ። «እርሾ ያው እርሾ ነው። እኛ ቤት የዳቦ እርሾ አለ፤ አሁኑኑ በሞተር አመጣልሻለሁ።»

«ጣዕሙ አንድ አይሆንማ።»

«ማን ሊቀምሰው? እናንተ ቤት እንደሆነ የሚጠጣው ሰው የለም። አባትሽ ራሱ አይደል እንዴ የሚደፋው?»

ዮሩን ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«ሙድ ልይዝብሽ አይደለም» አለች ቲራ ድምጿን ቀነስ አድርጋ። «ግን እውነት ነው።»

እውነት ነበር፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለፈው ዓመት የገና ቢራ እስካሁን በበርሜል ሙሉ ተቀምጧል። የበጋውም አለ። በረዶ ሲቀልጥ አባቷ የተረፈውን በባልዲ እያወጣ ከጋጣው ኋላ ይደፋዋል፤ አንድ ጊዜ በጎቹ ደርሰውበት ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ጋር ሲዋጉ ውለዋል። እሱ ራሱ ጠጪ አይደለም። አንድ ኩባያ ቀምሶ «ጥሩ ነው» ይልና ወደ ቤት ይገባል። እናቷ «ለማን ብለህ ነው ይሄን ሁሉ?» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋኑ ትንሽ አያውቅም።»

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አያቷ እርሾውን ሲጨምሩ በወንዙ በኩል ያለውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ይጮኹ ነበር። የሸለቆው ወግ ነው፤ ጩኸት ያልሰማ እርሾ ይሰንፋል ይባላል። ከዚያ በላይ ግን ጩኸቱ ጥሪ ነው። የሰማ ሁሉ፣ አረፋው ሲረግብ ኩባያውን ይዞ ለቅምሻ ይመጣል፤ ሌላ ግብዣ የለም። ዮሩን ያኔ ጩኸቱን ትጠላው ነበር። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ «ትናንት እናንተ ቤት ተኩላ ገባ እንዴ?» እያሉ ያላግጡባታል፤ ስለዚህ አያቷ በሩን ሲከፍቱ እሷ ድርቆሽ ውስጥ ትደበቃለች።

አሁን የሚጮህ የለም። አያቷ የተቀበሩ ዕለት ኦድቫር ለለቀስተኛው የጠመቀውን ቢራ አቀረበ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤት፣ የአያቷ የልጅነት ጓደኛ ሐልዶር፣ አንዴ ተጎነጩና ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄማ ቅራሪ ነው» አሉ። ኦድቫር ኩባያውን ከእጃቸው ተቀብሎ በሩን አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች አይነጋገሩም። ሌላውም ጎረቤት ማንን እንደሚያስቀይም ግራ ገብቶት ቀረ። አባቷ ግን በሩን ዘግቶ በየዓመቱ ይጠምቃል፤ በየዓመቱም ይበልጥ ያወፍረዋል።

«የኛ መጠባበቂያ ሐልዶር ነው፤ የሐልዶር መጠባበቂያ እኛ ነን» ይሉ ነበር አያቷ። ካንዱ ቤት እርሾ ሲሞት ከሌላው ይወሰዳል ማለታቸው ነው።

«አለሽ?» አለች ቲራ። «ላምጣልሽ?»

«ቆይ። እደውልልሻለሁ» አለችና ጃኬቷን አነሳች።

ድልድዩ መሃል ስትደርስ ቆመች። አባቷ ቢያውቅስ? ዞራ ጥቂት ከተራመደች በኋላ በርሜሉ ትዝ አላት፤ እንደገና ዞረች። ሁለተኛ ሐሳቧን እንዳትቀይር ከዚያ በኋላ ሮጠች።

የሐልዶርን በር አንኳኳች። መልስ የለም። ደበደበችው። ውሻ ጮኸ፤ ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

«ብዙ አንኳኳሽ እንዴ?» አሉ ሐልዶር። «ይሄኛው ጆሮዬ ጡረታ ወጥቷል፤ ያኛውም ሊወጣ ነው።» ጎንበስ ብለው አዩዋት። «የኦድቫር ልጅ። አንቺ ነሽ ያደግሽው ወይስ እኔ ነኝ ያጠርኩት?»

ዮሩን የምትለውን መንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ አፏ ላይ ሲደርስ ሁሉም ተደባለቀ። «ጋሼ፣ እርሾውን ገደልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። ቀለበቱን አጠብኩት።»

«በምን?»

«በሳሙና።»

«በሳሙና» አሉ ሐልዶር በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ሙቅ ውሃስ?»

«የፈላ።»

«እንግዲህ ነፍሱን ይማረው። ታጥቦና ተገንዞ ነው የሄደው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አይቀልዱ ጋሼ። አባዬ ይገድለኛል።»

«አይገድልሽም። ዝም ይልሻል። እሱ ይብሳል፤ እኔ አውቀዋለሁ።»

ወደ ምድር ቤት ይዘዋት ወረዱ። መብራቱ ሲበራ ዮሩን ቆማ ቀረች። በርሜል በበርሜል ላይ ተደርቧል፤ ለመተላለፊያ እንኳ በቂ ቦታ የለም። ሐልዶር ሚስት ሞታባቸው፣ ልጆች ከተማ ገብተውባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው።

«ይሄን ሁሉ ማን ይጠጣዋል?»

«ጋኑ ትንሽ አያውቅም» አሉ።

ዮሩን ቀና ብላ አየቻቸው። አባቷ በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ ነው የሚለው።

«ለአንድ ሰው ተብሎ አይጠመቅማ» ሲሉ ቀጠሉ። «ምናልባት ሰው ቢመጣ ብዬ ነው።»

«መጣ?»

«አንቺ መጣሽ። አንቺ ደግሞ አትጠጪም።»

ከመደርደሪያ ላይ ትንሽ ብልቃጥ አወረዱ። ውስጡ የደረቀ ቡናማ ፍርፋሪ አለ። «የኔው የሞተ ጊዜ አያትሽ ነው የሰጠኝ። ከሱ ቀለበት ላይ የተፈረፈረ ነው። ስለዚህ ለአባትሽ የኔ ነው እንዳትይው። ከቀለበቱ አራግፌ አስቀመጥኩልህ በይው። ያው የናንተው ነው፤ ውሸትም አይሆንብሽ። ከኔ መምጣቱን ካወቀ ግን ይደፋዋል።»

ዮሩን ብልቃጡን ጃኬቷ ውስጥ ከተተች። ጊዜ እንደሌላት ታውቃለች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን መሄድ አቃታት።

«ለምንድን ነው ቅራሪ ነው ያሉት?»

ሐልዶር ውሻውን አዩ። «ቅራሪ አልነበረም። ጓደኛዬን ቀብሬ መምጣቴ ነው፤ ያን ቀን ማር ቢሰጡኝ ቅራሪ እል ነበር። በማግስቱ ይቅርታ ልለው እስከ ድልድዩ ሄድኩ። ከዚያ ተመለስኩ።»

«አንድ ጊዜ?»

«ስንቴ እንደሆነ ድልድዩን ጠይቂው።»

ስትመለስ መምሸት ጀምሯል። በእጇ ጀርባ ሞከረችው፤ አያቃጥልም፣ አይበርድም። ልክ ሰዓቱ ነው። የበረዶ መጥረጊያው መኪና ቢጫ መብራት ከታች መንገዱ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ይመጣል። ስልኳ ነዘራት። ቲራ ናት፦ «ላምጣ ወይስ ተገላገልሽ?»

«ተገላገልኩ» ብላ ጻፈች። ተገላግላለችም። ቀለበቱን ከጓዳው ጨለማ ውስጥ ትሰቅለዋለች፤ ነገ አረፋው ውስጥ ተነክሮ ቡናማ ሲሆን መታጠቡን የሚያውቅ አይኖርም። እርሾው ያው እርሾ ነው። ማንም አይጎዳም። አባቷ አንድ ኩባያ ይቀምሳል፣ «ጥሩ ነው» ይላል፣ የቀረውን በረዶ ሲቀልጥ ከጋጣው ኋላ ይደፋዋል። ማዶ ያሉትም እንዲሁ። የጻፈችውን ሳትልከው አጠፋችው።

ኦድቫር በረዶውን ከትከሻው እያራገፈ ገባ። ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። «ጎበዝ» አለ። በርሜሉን ሞከረ። «ልክ ነው። ቀለበቱን አምጪልኝ።»

ዮሩን ነጩን ቀለበትና ብልቃጡን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አጠብኩት» አለች። «ቆሻሻ መስሎኝ። በሳሙና።»

ኦድቫር ቀለበቱን አንስቶ አገላበጠው። አያቷ በቢላዋ የጠረቧቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ሐልዶር እንዳሉት ዝም አለ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ በመጨረሻ፣ ብልቃጡን በአገጩ እያመለከተ።

«የጋሼ ሐልዶር እርሾ ነው። ሄጄ ለመንኳቸው። የሳቸው መሆኑን እንዳልነግርህ መክረውኝ ነበር።»

ኦድቫር ብልቃጡን ያዘ። በግቢው በኩል ያለውን በር ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ፤ እጁ በረዶው ላይ ተዘርግቷል። «ያ ሽማግሌ» አለ። «በአባቴ ቀብር ላይ...»

«አባዬ፣ እሱን ከደፋኸው የአያቴ እርሾ እኛ ቤት አይኖርም። የሚቀረው እሳቸው ጋ ብቻ ነው።» ወደ በሩ ተጠጋች። «ቅራሪ አልነበረም ብለዋል። ያን ቀን ማር ቢሰጣቸውም ቅራሪ ነበር የሚሉት።»

«መቼ ነው ያለው?»

«አሁን። ደግሞ ምድር ቤታቸውን ብታየው፣ ልክ እንደኛ ነው። እሳቸውም ጋኑ ትንሽ አያውቅም ነው የሚሉት።»

ኦድቫር እጁን ከበረዶው ላይ መለሰ። የብልቃጡን ክዳን ፈትቶ አሸተተ። ከዚያም አፍንጫውን እዚያው እንዳደረገ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኖቹ ቀልተዋል። በሩን ዘጋ፣ ወደ በርሜሉ ተመለሰ፣ ፍርፋሪውን በተነበት፣ በረጅሙ ማማሰያ ማማሰል ጀመረ። እንደለመደው፣ በዝምታ።

ዮሩን በወንዙ በኩል ያለውን በር አየችው። ከአያቷ ሞት ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም፤ መቀርቀሪያው ላይ ውርጭ ጋግሯል። አውቶቡሱ ታሰባት፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች፣ ሰኞ ጠዋት የሚሉት። ጆሮዋ ከወዲሁ ጋለ።

መቀርቀሪያውን በመዳፏ መታችው። አልነቃነቅ ሲላት በትከሻዋ ገፋችው። በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተና ብርዱ ገባ። ከማዶ የሐልዶር መስኮት ይታያል። አባቷ ዝጊው እስኪላት ጠበቀች፤ አላላትም። ማማሰያው ብቻ ቆመ።

ጮኸች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጥኖ ተሰበረ፤ ከዚያ ተስተካክሎ ወንዙን ተሻገረ። ውሻው መለሰላት። የሐልዶር በር ግን እንደተዘጋ ነው።

አባቷ ማማሰያውን እንደያዘ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሁለቱም ማዶውን አዩ።

«ድገሚው» አለ ኦድቫር። «ጋሽ ሐልዶር ጆሯቸው ከብዷል።»