የራሕመት ግማሽ ቀበቶ

«ኸላስ፣ አለቀ፤ የአልማዝ ባለጭራው ጭራ ወገቧን ዞሮ ከራሱ ገጥሞ ገደላት» አለ ኑሩ ከበሩ ውጭ ቆሞ። የሟቿ የራሕመት ጎረቤት ነው፤ እዚያው ጅዳ፣ በኒ ማሊክ ሰፈር ልብስ ይተኩሳል። «ስንቅነሽ በቅጠሏ አባሰችባት። ለፖሊስ እደውላለሁ።»

መድኃኒት ቀቢዋ ስንቅነሽ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። ፖሊስ ከመጣ ሹመይሲ እስር ቤት መግባቷ ነው፤ የነፍስ ዕዳ ሲጨመርበት ደግሞ መውጫዋን አንድዬ ያውቃል። «ቅጠል ብቻ ነው የቀባኋት» አለች።

ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው የትናየት በጥድፊያ የሚወነጅል ሰው አይጥማትም። አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ ጅዳ ላይ የቆዳ ክሊኒክ ታጸዳለች። ወደ ውስጥ ገብታ የራሕመትን የክፍል ጓደኛ ሀሰናን በጥርጣሬ አየቻት።

«ገላዋን ማን አየ?»

«ማንም፣ እትዬ። አጣቢዎቹ ገና አልመጡም። ከማዳም ቤት ስመለስ እንደተሸፈነች አገኘኋት።»

«ትናንት ምን አለችሽ?»

«ጁምዓ ለዑምራ መካ ልትሄድ ነበር። ‹ስመለስ ኢቃማ የሌላቸውን ልጆች ለፖሊስ እየጠቆመ የሚያስይዘውን ሰው በስሙ እናገራለሁ› አለችኝ። ኑሩም ልብስ ሊያደርስ መጥቶ ሰምቷል።»

የትናየት የሟቿን ልብስ ገለጥ አደረገች። በግራ ጎኗ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ በቀኝ ጎኗ ደረቅ ቃጠሎ። ዐይኗ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ። መልሳ ሸፈነቻትና ሦስቱንም በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እኛ አልማዝ ባለጭራ እንለዋለን፤ ዐረቦቹ ሒዛም ናሪ፣ የእሳት ቀበቶ ይሉታል። ሐኪሞቹ ከጥንት ግሪክ የወሰዱት ስምም ቀበቶ ማለት ነው። ወገብ ስለሚይዝ ነው። ግን በአንድ ጎን ነርቭ ብቻ ይሄዳል እንጂ ወገብ አይዞርም። ገጥሞ ይገድላል የሚባለው ወሬ ነው። የራሕመት ግን ገጥሟል። የቀኙ ውሃ ያልቋጠረው ከሞተች በኋላ ስለተተኮሰ ነው። የሞተችው ታፍና ነው፤ ዐይኗ ይመሰክራል።»



«ኑሩ፣ አንተ ባዕድ ወንድ ነህ፤ ወገቧን ልታይ አይገባህም። እንደገጠመ ማን ነገረህ?»

«ሰው... ሰው ሲያወራ ሰምቼ።»

«ያየ ሰው የለም። በሽታው ግማሽ መንገድ ነው የሚሄደው። ቀሪውን አንተ በካውያህ ሄድክለት።»

ስንቅነሽ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ሀሰና ኑሩ ለፖሊስ ሊደውል የከፈተውን ስልክ ከእጁ ወሰደች። የፖሊሱን ቁጥር መፈለግ አላስፈለጋትም፤ በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ጊዜ ደውሎበታል።