ደህና ነኝ ያሉት አርባ ሺህ እናቶች

በምትሽከረከረው የጠፈር ከተማ ሰማይ የሚጠገነው ሐሙስ ሐሙስ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡሯ ጠጋኝ ትርሲት መሰላሉን አጋምሳ ሳለ ዳሌዋ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ፤ እግሯን ማንሳት አቃታት።

ወገቧ ላይ «ደግፌ» ነበር፤ የእርጉዝን አጥንት፣ ጅማትና ጡንቻ እያነበበ የላላውን መጋጠሚያ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ መቀነት። አሁን ግን ንቅንቅ አላለም።

«ሁኔታዎ መልካም ነው» አላት።

«ምኑ ነው መልካሙ? አንተ ምን ታውቃለህ!»

አለቃዋን አቶ ደምሰውን በሬዲዮ ጠራች። «ዳሌዬ ሊከፈል ነው፤ አውርዱኝ!»

«መቀነቱ ደህና ናት ይላል እኮ የኔ እህት። እርግዝና ነዋ፤ ትንሽ ቻይው።»

ቻይው! ደሟ ፈላ። በክንዷ እየተንጠለጠለች እንደምንም ወረደችና ወለሉ ላይ ተዘረጋች። መቀነቶቹንም የምትጠግነው እሷው ናትና ማንበቢያዋን ሰክታ ደግፌ የተማረበትን ማኅደር ከፈተች።

ደግፌ የሠለጠነው በአርባ ሺህ እርጉዞች የክትትል መዝገብ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የፊት ዳሌ አጥንቶቿ ተላቅቀዋል። አዋላጇ «እንዴት ነሽ?» ስትላት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላለች። ሁለተኛዋ ወገቧ ተይዞ መቀመጥ አትችልም፤ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።» ሦስተኛዋ የመጣችው በምርኩዝ ነው። እሷም ደህና ናት!

ማሽኑ አልዋሸም። ይህ የደህና ሰው አጥንት ነው ተብሎ አርባ ሺህ ጊዜ ተነግሮታል።

ትርሲት በንዴት አለቀሰች። ማንን ትስደብ? እሷስ ብትሆን በየጠዋቱ ሲጠይቃት ምን ስትለው ከርማለች? የእርማት ቁልፉን ተጫነች።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና» አለማለት ፈጣሪን ማማረር መሰላት።

«አሞኛል» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች። «አሞኛል! መራመድ አልችልም!»

መቀነቱ ዳሌዋን ግጥም አድርጎ ያዘ። እርማቱም በዚያው ቅጽበት በከተማዋ ላሉ መቀነቶች ሁሉ ተላለፈ።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። የልብስ ስፌት ክፍሏ ዘርፌ ነበረች፤ ልትወልድ ሳምንት የቀራት። ድምፅዋ በቁጣ ይንቀጠቀጣል።

«ትርሲት፣ መቀነቴ ድንገት ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። ማነው የነገረብኝ? ማመሜን ባሌ እንኳን አያውቅም!»