ከአልጋው ግርጌ የቆመችው ድመት

እትዬ እልፍነሽ በራቸውን ከፍተው ደጅ ቆመዋል፤ ወደ ውስጥ ግን አይገቡም። በእጃቸው ባዶ ማዳበሪያ ይዘዋል።

«ግቡና ውሰዷት» አሉ። «እኔ አልገባም። ደግሞ ጀምሯታል።»

ሳቢሃ ማዳበሪያውን አየችው። ማሰሪያው ሲባጎ ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ተንጠልጥሏል። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። እዚህ ፍኖተ ሰላም ድመቱን የጠላ ሰው መንገዱን እንዳትለይ ማዳበሪያ ውስጥ ይከታትና ከላህ ወንዝ ማዶ ወስዶ ይፈታታል። ይህቺ ድመት፣ ዳልቻ፣ ግን መድኃኒቷ ከተቋረጠ ወንዝ ማዶ ብዙ አትቆይም።

«ምንድን ነው የጀመራት?» አለች ጓደኛዋ ራጂያ። ከትምህርት ቤት አብረው ነው የመጡት። ራጂያ ድመት ትፈራለች፤ የተከተለቻት ወሬው እንዳያመልጣት ነው።

«የሞተ ሰው ማየት» አሉ እትዬ እልፍነሽ።

ራጂያ የሳቢሃን ቦርሳ ጨመደደች።

ዳልቻን እዚህ ቤት ያስገባቻት ሳቢሃ ራሷ ናት። የእንስሳት ሐኪሟ እሌኒ በነሳቢሃ ግቢ ተከራይታ ስትኖር፣ ሰው የጣላቸውን ድመቶች ከጓሮ ባለችው ክፍል ታኖር ነበር። ከነሱ ውስጥ ሦስቱ ስኳር ያለባቸው፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የሚወጉ ነበሩ። እሌኒ ወደ ቡሬ ስትዛወር እዚያ ያገኘችው አከራይ እንስሳ ይዘሽ አትገቢም አላት። ቤት ፍለጋው በሳቢሃ ላይ ወደቀ።

«ድመት ስኳር ያዛት? ምነው፣ ሻይ አበዛች?» እያሉ የሳቁባት ብዙ ናቸው። «ሰው መድኃኒት አጥቶ አንቺ ለድመት ትዞሪያለሽ?» ያሏትም ነበሩ። እንደምንም አንዷን ቡሬ ያለች ፋርማሲስት፣ ሌላዋን አዴት የሚያስተምር መምህር ወሰዱላት። ግራጫዋ ዳልቻ ቀረች።

እትዬ እልፍነሽ የተገኙት ያኔ ነው። በቆሎ ነጋዴ ናቸው፤ አይጥ አስቸግሯቸዋል። ደግሞም መርፌ አይፈሩም። ስኳር የነበረባቸውን ባለቤታቸውን ጋሽ ክንፈሚካኤልን እስኪሞቱ ድረስ ሲወጉ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ኢንሱሊኑን የሚያቀዘቅዙበት፣ እርጥብ አሸዋ የሞላው ማሰሮ እንኳ ከቦታው አልተነሳም። እሌኒ ይህን ስትሰማ «ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ይመጣል?» ብላ ሳቢሃን አቅፋ ሳመቻት።

ሳቢሃ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ቤቱ ጨለምለም ብሏል። የበቆሎው ጆንያ በአንድ በኩል እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ከጎረቤት የበርበሬ መጋዘን የሚመጣው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። በሌላው በኩል አንድ የብረት አልጋ አለ። ማንም የሚተኛበት አይመስልም፤ ነጭ አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ትራሱ በቦታው ነው። ዳልቻ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ትራሱን ታያለች።

«ዳልቻ» አለች ሳቢሃ።

ድመቷ አልዞረችም። ራሷ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ የሚያወራላት ሰው ያለ ይመስል። አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። ከእግሯ ሥር ወለሉ ረጥቧል፤ ከበሩ ስንጥቅ ጀምሮ እስከዚያ እርጥበት ድረስ ጉንዳን በአንድ መስመር ይተማል።

«ጉንዳኑን አየሽው?» አሉ እትዬ እልፍነሽ ከደጅ። «ባሌ በሕይወት እያለ ከሽንቱ ላይ እንደዚህ ይሰፍር ነበር። ከሞተ ወዲህ ጠፍቶ ነበር። አሁን እሷ ይዛው መጣች። በዚህ ሰዓት፣ እሱን በምወጋበት ሰዓት፣ ትመጣና እዚያው ትቆማለች። ሰኞ ነው የጀመራት። ማክሰኞ ባሰባት።»

«ሳቢ፣ በአላህ እንሂድ» አለች ራጂያ።

ዳልቻ ተንቀሳቀሰች። የኋላ እግሮቿ እየተልፈሰፈሱ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ግንባሯ ግድግዳውን መታው። አልቆመችም። ግድግዳው የሚከፈትላት ይመስል ገፋችው፣ አሁንም ገፋችው። ከዚያ በጎኗ ወደቀች። አራቱም እግሮቿ አየር ላይ መሮጥ ጀመሩ። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ግን አያዩም።

«አዑዙ ቢላህ!» ራጂያ ጮኻ ወደ በሩ ሮጠች።

ሳቢሃ ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች። የፈራችው ድመቷን አልነበረም። እሷ ራሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ እሌኒ ስለ መርፌ የምታውቅ ልጅ ብላ ያመነቻትም ለዚህ ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ወድቃለች። ከሁለቱም አንዱንም አታስታውሰውም። እናቷን «ምን ሆኜ ነበር?» ብላ ስትጠይቃት፣ እናቷ ፊቷን አዙራ «ተይው» ብቻ ነው ያለቻት። አሁን ራሷን ከውጭ ሆና እያየች ነው።

ተንበረከከች።

«ምን በላች?»

«ዛሬ?»

«ዛሬም ትናንትም!»

«እንጀራ በሽሮ ሰጠኋት፤ አልነካችውም። ሁዳዴ እኮ ሰኞ ገባ፣ ልጄ። ወተቱንም ሥጋውንም ከቤቴ አውጥቻለሁ። ዕቃዬን ሁሉ በአመድ ነው ያሸሁት።»

«መርፌውስ?»

«መርፌውንማ!» አሉ ተቆጥተው። «ጠዋት ማታ፣ አንድም ቀን አላስታጎልኩም። ዛሬም ቅድም ወግቻታለሁ።»

ሳቢሃ እጇን ኪሷ ከታ ከረሜላ አወጣች። በማሰሮው ክዳን ሰባበረችው። «ውሃ!» አለች። ማንም ሳይንቀሳቀስ ሲቀር «ራጂያ፣ ውሃ አምጪ አልኩሽ እኮ!»

ራጂያ በሩ አጠገብ ካለው እንስራ በጣሳ ቀድታ አመጣችና እጇን ዘርግታ ከሩቅ አቀበለቻት። ሳቢሃ የተፈጨውን ከረሜላ በጥቂት ውሃ በጥብጣ የድመቷን ድድ በጣቷ አሸችው። ደግማ አሸችው።

«ከረሜላ ኪስሽ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለች ራጂያ። «በረመዳን?»

«የበድሩ ነው።»

በድሩ ትንሹ ወንድሟ ነው። ውሸቱ ሳታስብበት ወጣ። ሕመሟን ከጓደኛዋ ትደብቃለች፤ ሐኪም ጾም ከልክሏት ሳለ ትናንት ራጂያን «አብረን ነው የምንጾመው» ብላ፣ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ምሳዋን በልታለች። ዛሬ ግን ራጂያ ከጎኗ አልተለየችም። ጠዋት ተወግታ ቁርስ እንደበላች ናት፤ ምሳ የለም።

የድመቷ እግሮች ሩጫቸውን ቀነሱ። አንዱ ቆመ፤ ሌላው ቆመ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የራጂያ ትንፋሽ ብቻ ነው። በመጨረሻ ዳልቻ ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች፤ የሳቢሃን ጣት አገኘችና ላሰችው።

ያኔ እትዬ እልፍነሽ ገቡ። ማዳበሪያውን ደጃፉ ላይ ጥለውት ነው የገቡት።

«እሱም እንዲህ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «ካቻምና በሁዳዴ። ጠዋት ወጋሁት፤ ሊያስቀድስ ሄደ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም ነበር፤ በጾም ነገር የሚሰማው ሰው የለም። ደጀ ሰላሙ ጋ ወድቆ እግሩ እንደዚህ ይሮጥ ነበር አሉኝ። እስክደርስ አልቆየኝም። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር መታው አለ። እኔም መታው ብዬ ኖርኩ።» ወደ ድመቷ፣ ቀጥሎም ወደ ሳቢሃ ጣት ተመለከቱ። «አንቺ ታውቂያለሽ። እጅሽ አላመነታም። ምን ነበር?»

መልሱ የሳቢሃ ምላስ ላይ ነበር። ያለ ምግብ የተወጋ መርፌ፤ በቃ። ግን ይህን ለድመቷ ብላ ስትናገረው፣ ካቻምና ባለቤታቸውን የገደለው እሳቸው የወጉት መርፌ መሆኑንም ለኚህ ሴት መንገሯ ነው። «እሌኒን ልጠይቃት» ብላ፣ ድመቷን ይዛ መውጣት ትችላለች። እሳቸው የሆነ ነገር መታው እንዳሉ ይኖራሉ። ግን ዳልቻን የት ትወስዳታለች? ደግሞ መውጣትስ ትችላለች?

እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከፍርሃቱ ይሁን ከስኳሯ መውረድ ለመለየት አልቻለችም። አንገቷን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃት። ግድግዳው ራቀ። ዓይኗ ሳታዝዘው አልጋው ላይ አረፈ፤ ትራሱ መሃል ላይ ቅድም ያላየችው ጉድጓድ አየች፤ ራስ ያረፈበት የሚመስል። ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ ትራሱ እንደ ቅድሙ ድፍን ነው።

ደጅ ፀሐይ ገና የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ነች። የማፍጠሪያው አዛን ሩቅ ነው።

ሁለተኛውን ከረሜላ አወጣች። ወረቀቱ ሲቀደድ ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከረሜላውን ምላሷ ላይ አኖረችው።

«ሳቢ!» አለች ራጂያ። «ፀሐይዋ እኮ…»

«አይቻታለሁ። የበድሩ አይደለም፤ የኔ ነው።» እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችና ክንዷን አሳየቻት፤ መርፌ የተመላለሰባቸው ትንንሽ ነጠብጣቦች።

ራጂያ ነጠብጣቦቹን አየች። ድመቷን አየች። ተመልሳ ነጠብጣቦቹን አየች።

«ትናንትም በልተሻል?»

«ትናንትም።»

«እና ትናንት ሙሉ ቀን ‹ራበኝ፣ ራበኝ› ስትዪ ሙድ እየያዝሽብኝ ነበር?»

 ራጂያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ፊቷን ወደ እትዬ እልፍነሽ አዞረች።

«ከአባቴ ሥጋ ቤት ጉበት አይጠፋም» አለች። «ለሷ ማለቴ ነው። የእስላም ሥጋ ግቢዎ መግባቱ ካላስቸገረዎ።»

እትዬ እልፍነሽ ዓይናቸውን ከሳቢሃ ክንድ ላይ አላነሱም።

«በረንዳው ላይ ትብላ» አሉ። «በቅጠል አድርጊላት። ዕቃዬን እንዳትነኪ።»

ራጂያ ደጃፉ ላይ የተጣለውን ማዳበሪያ ተሻግራ ሮጠች። ጉንዳኑ መስመሩን አልለቀቀም። ዳልቻ ሳቢሃ ጭን ላይ ወጥታ ተኛች፤ ትራሱን ዞር ብላም አላየችው።

እትዬ እልፍነሽ አሁንም ቆመው መልሷን ይጠብቃሉ። ከረሜላው ሳቢሃ አፍ ውስጥ እየቀለጠ ነው። የእጇ መንቀጥቀጥ እስኪያቆም ጠበቀች። ከዚያ ድመቷን አቅፋ ተነስታ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«እትዬ እልፍነሽ» አለች። «መጀመሪያ ይቀመጡ።»